አጭሩ መላጊያ

ነቀምቴ፣ እሑድ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.

ለቤተ ክርስቲያን የሠራሁት የዋንዛ ጠረጴዛ ዛሬ ገባ። «እጅህ ይባረክ» ያላለኝ ሰው የለም። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሁለቱን ሳንቃ ለማጋጠም ረጅም መላጊያ ያስፈልግ ነበር። አጭሩ የእንጨቱን ጉብታና ጉድጓድ ተከትሎ ይሄዳል እንጂ ጠርዙን ቀጥ አያደርግም። ረጅሙ ያለው ደግሞ ሙያውን ካስተማሩኝ ከኦቦ ደሬሳ ዘንድ ነው። «ከእንግዲህ የሽማግሌ ዕቃ አያሻኝም» ብዬ ገበያ መካከል ፎክሬ ስለነበር፣ ሄጄ መለመኑ ሞት መሰለኝ። በዚያው በአጭሩ መላጊያ ላግሁት። ሳንቃዎቹን ገጥሜ ወደ ፀሐይ ባነሣቸው በመካከላቸው ብርሃን ገባ። ክፍተቱን በሰጋቱራና በኮላ ደፈንኩት።

ዛሬ ኦቦ ደሬሳ ጠረጴዛውን ሲዳብሱ አውራ ጣታቸው እዚያው ድፍኑ ላይ ቆመ። ቀና ብለው አዩኝ።

«ጋሪዳ፣ ኢልማ ኮ! ጥሩ ሠርተሃል፣ ልጄ» አሉ ሰው ሁሉ እየሰማ። መጽሐፍ ቅዱሳቸውንም ድፍኑ ላይ አስቀመጡበት።

ሰው ሲበተን ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ በቀር ሌላ መጽሐፍ የላቸውም። ወስጄ ላደርስላቸው ይገባ ነበር። ግን ካነሣሁት ድፍኑ ይታያል።