ለዕጩ ፕሬዚዳንታችን፤ ሳምቡሳ ይዛ መሃል ከቀረችው ሴት

ሲያትል፣ መጋቢት 1989 ዓ.ም.

ለተከበሩ ዶክተር መልከጸዴቅ
የጎህ ፓርቲ ዕጩ ፕሬዚዳንት
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉሮሮዎስ? ባለፈው ስብሰባ ውኃ እንኳ ሳይጎነጩ ያን ያህል ሲናገሩ ስለሰማሁ ሰግቼ ነው። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ዝናቡም እንደሚያውቁት ነው፤ ከፓርቲያችን በቀር የተበላሸ ነገር የለም። ይህን ደብዳቤ ቼሪ መንገድ ባለው ምግብ ቤት በር ላይ የለጠፍኩት በድፍረት አይደለም፤ የኢትዮጵያውያኑ ሬዲዮ በደጋፊዎችዎ እጅ ስለሆነ ሌላ መንገድ አጥቼ ነው።

ጀውሃራ እባላለሁ። በስም አያውቁኝም። የአቶ አወል ባለቤት፣ ፓርቲው ከተመሠረተ ጀምሮ በየስብሰባው ሻይና ሳምቡሳ የማቀርበው ሴትዮ ነኝ ብል ግን ምናልባት ያስታውሱኝ ይሆናል። ቀና ብለው አይተውኝ ባያውቁም ሁለት ሁለት ሲያነሱ እኔ አይቼዎታለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ የሀገራችን ፕሬዚዳንት ለመሆን ፈቃደኛ ስለሆኑልን ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ምርጫ አለ ብሎ የጠራን የለም፤ ፓርቲያችንም አዲስ አበባ ውስጥ ቢሮ ቀርቶ አንድ ወንበር የለውም፤ እርስዎ ግን ይህን ሁሉ ከምንም ሳይቆጥሩ ከምግብ ቤቱ የጓሮ ክፍል ሆነው ሥልጣኑን ለመሸከም ትከሻዎን አመቻችተዋል። ነገሩን ለልጄ ለሰሀር ስነግራት “ማሚ፣ ኢዝ ሂ ሲሪየስ?” አለችኝ። የዛሬ ልጆች ቁም ነገር አይገባቸውም ብዬ አለፍኳት።

እርስዎ ነጥብ በነጥብ መናገር እንደሚወዱ ስለማውቅ ቅሬታዎቼንም በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ዕጩነትዎ በቀረበበት ዕለት የሰዉ ሐሳብ ለሁለት ተከፍሎ እንደነበር እርስዎም አይተዋል። ግማሹ ሰውዬው የተማረ ነው፣ አንደበቱ የተፈታ ነው፣ በእሱ ካላሸነፍን በማን ልናሸንፍ ነው አለ። ግማሹ ደግሞ ይህ ሰው በደርግ ጊዜ መድረክ ላይ ቆሞ የሚታሰሩትን ሰዎች ስም ያነብ የነበረ ካድሬ አይደለም ወይ፣ እሱን ካስቀደምን እኛ ምን የተለየን ሆንን አለ። ክርክሩ ተገቢ ነበር። ቢተዉት ኖሮ ሰዉ እንደ ወትሮው ተጯጩሆ፣ ተኮራርፎ፣ ሻዩን ጠጥቶ ወደየቤቱ ይሄድ ነበር። እርስዎ ግን ለተነሳው ጥያቄ አንዲት ቃል ሳይመልሱ ብድግ ብለው ከእኔ ጋር የሆነ በቀኝ፣ ከጠላት ጋር የሆነ በግራ ይቁም አሉ። ታደንቀኛለች ብለው እንዳያስቡ እንጂ ዘዴው ግሩም ነው። ጥያቄ የነበረው ሁሉ ባንድ አፍታ ጠላት ሆነ፤ ገና ሲያመነታ የነበረውም ሳያስበው ተገፍቶ ደጋፊ ሆነ። ባለቤቴ በግራ ቆመ። ጋሽ ሙላው በቀኝ ቆሙ። እኔ ትሪዬን እንደያዝኩ መሃል ቀረሁ፤ ሳምቡሳውን ለየትኛው ወገን እንደማቀርብ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።

ሁለተኛ። በቀኝዎ ሲቆሙልዎ ስማቸውን ስላልጠየቋቸው ጋሽ ሙላውን ላስተዋውቅዎ። ታክሲ ነጂ ናቸው። እኛ እዚህ ሀገር ስንገባ ሳሎናቸውን ለቀው ያስተኙን እሳቸው ናቸው፤ ባለቤታቸው እትዬ ደስታነሽም እስላሞች መሆናችንን አስበው ሥጋችን ከሥጋቸው እንዳይነካካ ለብቻችን አዲስ ድስት የገዙልን ሰው ናቸው። አወል ሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ሥራ ካገኘ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከኬንት በታክሲያቸው የሚያደርሱት ጋሽ ሙላው ናቸው። ነበሩ ማለቴ ነው። ከዚያ ስብሰባ ወዲህ ባለቤቴ ዝናብ ላይ ቆሞ አውቶቡስ ይጠብቃል፤ ጋሽ ሙላውም የጎናቸውን ወንበር ባዶ አድርገው በፊቱ ያልፋሉ። ይህን በፓርቲው ድሎች ውስጥ ማስመዝገብ ቢፈልጉ እኔ ምስክር እሆናለሁ።

ሦስተኛ። ሦስተኛው ባለቤቴ ስለታሰረበት የቀበሌ እስር ቤት ነበር። ባለቤቴ አንብቦ የእኔን እኔው እናገራለሁ ብሎ ሰረዘው። በሚመችዎ ቀን ይጠይቁት።

አራተኛ። እስካሁን ያለውን ሁሉ ችዬ ነበር፤ ብዕር ያስነሳኝ ይህኛው ነው። ልጄ ሰሀር፣ ሰላሁዲን ከሚባል ጨዋ ልጅ ጋር ተዋዳለች። ልጁ እዚህ ዘመድ ስለሌለው፣ አወል እምቢ የማይላቸው ሰው ጋሽ ሙላው ብቻ ናቸው ሲባል ሰምቶ እሳቸውን ዋና ሽማግሌ አድርጎ ላከ። የፓርቲ ነገር አይገባውም፤ አልፈርድበትም። ባለቤቴ በሩን ከፍቶ ሽማግሌን ያህል ነገር ደጃፍ ላይ አቁሞ ከማን ወገን ሆናችሁ ነው የመጣችሁት ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ሙላውም ለልጅ ጉዳይ ነው የመጣነው ብለው እንደማለፍ እኔ የዶክተሩ ነኝ አሉ። በሩ ተዘጋ። ልጄ ክፍሏ ገብታ ስታለቅስ እርስዎ በሬዲዮ ስለ ብሔራዊ አንድነት ይናገሩ ነበር፤ ድምፅዎም ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። በሕይወቴ ሰው እንዲያ ጠልቼ አላውቅም።

ይሁን እንጂ ክቡር ዶክተር፣ አንድ ነገር አምልጦዎታል። ያን ቀን ሰዉን በቀኝና በግራ ሲከፍሉ ሴቶቹን ወዲህ ቁሙ ያለን የለም። ቆጠራ ላይም አልቆጠሩንም። ስለዚህ በጎህ ፓርቲ ውስጥ ያልተከፈልነው እኛ ብቻ ነን፤ ለዚህም ውለታዎ ከፍ ያለ ነው። ይህን መጀመሪያ ያሰቡት እትዬ ደስታነሽ ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሁለት ሴቶች አስከትለው በራችን ላይ ቆሙና ሽማግሌ ነን አሉ። ባለቤቴ የሴት ሽማግሌ የት አገር ነው ሲል፣ ፕሬዚዳንት በጓሮ ክፍል የሚሾምበት አገር ነዋ አሉት። ያንን ለእኛ የገዙትን ድስት ይዘው ነበር የመጡት። አወል ድስቱን አየ። ከማን ወገን ናችሁ ብሎ አልጠየቀም። ግቡ አለ፤ ልጄንም ሰጠ።

ሠርጉ የፊታችን ቅዳሜ ነው። አዳራሹ እርስዎ ለሹመት በዓልዎ ይዘውት የነበረው ነው፤ ከሁለቱም ወገን ሰው እየሄደ ፓርቲው እኔ ነኝ ቢለው የአዳራሹ ኃላፊ መረረውና ሁለታችሁንም ሰርዞ ለእኛ ሰጠን። ጋሽ ሙላው ታክሲያቸውን አጥበው ሙሽራዋንና አባቷን ከኬንት ሊያመጡ ተስማምተዋል። የሙሽራዋ ቀሚስ የኋላውን ወንበር ስለሚሞላው አባትየው የሚቀመጠው ፊት፣ በዚያው በባዶው ወንበር ላይ ነው። እስካሁን አይነጋገሩም። ያን ሁሉ መንገድ ዝም ብለው ይመጡ እንደሆነ እናያለን።

ረጅም ዕድሜ፣ የማይደክም ጉሮሮ፣ ከተቻለም የሚመሩት አንድ ሁለት ሰው እየተመኘሁልዎ፣ ከማይለካ አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ጀውሃራ
ያልተቆጠረች የፓርቲው አባል

ማስታወሻ፦ እርስዎም ተጋብዘዋል። የሙሽራዋ ወገን በቀኝ፣ የሙሽራው ወገን በግራ ይቀመጣል፤ ከሁለቱም በኩል እርስዎን አጠገቤ አስቀምጡልኝ ያለ ሰው ግን አልተገኘም። ስለዚህ መሃል ቆመው ሳምቡሳ ያቀርባሉ። ትሪው ከባድ ስለሆነ በሁለት እጅ ነው የሚያዘው፤ ለራስዎ ማንሳት አይችሉም።