የግራው ጓንት ዚፕ

ኅዳር 16
ዛሬ ሰባት ክሊኒክ። አሥራ አንድ ጥርስ፣ ሁለት ሙሉ መንጋጋ። ከጥርስ ሠሪው ተቀብሎ በሞተር ለየሐኪሙ ማድረስ... ሥራዬ ይኸው ነው። ምን ትሠራለህ ሲሉኝ ጥርስ አመላልሳለሁ እላለሁ፤ ይስቃሉ። ከዚያ ወዲያ የሚጠይቀኝ የለም። ቀኑን ሙሉ ያወራሁት ምንድን ነው? “እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ” እና “ደህና ይዋሉ”።

ታናሽ ወንድሜ አግብቶ ሌላ ከተማ ከገባ አምስት ወር ሆነው። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር በማንኮራፋቱ ስንቴ ተጣልተናል። አሁን ቤቱ ጭር ብሏል። ናፈቀኝ፣ ምን ልደብቅ። ጣቶቼ እስካሁን አልሞቁም።

ኅዳር 19
ጣልኩት። የታችኛው መንጋጋ፣ ለሁለት ተሰበረ። ጣቶቼ ደንዝዘው ሳጥኑን መያዜንም መልቀቄንም አላወቅኩም። የጥርሱ ባለቤት ሽማግሌ እዚያው ወረፋ ላይ ተቀምጠዋል፣ አፋቸውን በመሐረብ ሸፍነው። ሦስት ሳምንት ሾርባ ብቻ ሲጠጡ የከረሙ ሰው። “ምንም አይደል ልጄ” አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጥርስ ሠሪው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጣትህ ከከዳህ ብርዱ እስኪያልፍ ዕቃው በመኪና ይሂድ፣ አንተ ቤትህ ዕረፍ አለኝ። ቤቴ... ቤቴ ምን አለ? ሦስት ወር ከግድግዳ ጋር ላወራ ነው? እንደ እብድ እሆናለሁ። ባትሪ ያለው፣ የሚሞቅ ጓንት እገዛለሁ፣ አንድ ሳምንት ታገሠኝ አልኩት። እሺ አለ።

ኅዳር 21
ጓንት መግዛት ይህን ያህል ነገር አለው እንዴ? ሽቦው የእጅ ጀርባ ላይ ብቻ የሚያልቅ አለ፣ እስከ ጣት ጫፍ የሚደርስ አለ። ቀዩ መብራት ሲበራ በጣም ይሞቃል፣ ግን ባትሪው ሁለት ሰዓት አይሞላም። በአረንጓዴው ግማሽ ቀን ይሄዳል። ሻጩ ወሬ የሚወድ ሰው ነው፣ ሁሉንም አስለካኝ።

በመጨረሻ ሁለት ቀሩ። አጭሩ የእጅ አንጓ ላይ ያልቃል፣ ሳብ ማድረግ ብቻ ነው። ረጅሙ ግን ከጃኬቱ እጅጌ በላይ ወጥቶ በዚፕ ይዘጋል፣ ነፋስ አያስገባም። ቀኙን አጠለቅኩ፣ ዘጋሁ። ግራው ላይ ቀረሁ። በዚያ ወፍራም ጣት ያቺን ኮሳሳ ዚፕ ማን ይይዛታል? በጥርስ እንዳልጎትት አፍ የሚሸፍነው ሄልሜት ቀድሞ መታሰር አለበት፤ ጓንት ካደረጉ በኋላ አይታሰርም። ሻጩ ጎተተልኝና “ጠዋት ጠዋት ቤት ያለ ሰው ይዘጋልዎታል” አለ።

ቤት ያለ ሰው። አዎ አልኩት ደግሞ! ለምን ዋሸሁ? ከዚያ የረጅሙን ቀለም አልወደድኩትም ብዬ አጭሩን ገዛሁ። ሁለቱም ጥቁር ናቸው።

ኅዳር 23
ነፋሱ በአንጓዬ ገብቶ ብብቴ ይደርሳል። ጓንቱ ይሞቃል፣ እኔን ይበርደኛል።

ኅዳር 24
አራተኛው ክሊኒክ ስደርስ ጣቶቼ እንደ ኖራ ነጥተዋል። ተቀባይዋን ሳጥኑን ራስሽ አንሺው አልኳት። ያዘዝኳት መስሏት ቅር አላት። ጓንቱን መልሼ በረጅሙ ቀየርኩ። “ቀለሙን ወደዱት?” አለ ሻጩ። ለመድኩት አልኩ።

ኅዳር 25
ሄልሜት ታሰረ። ቀኙ ገባ። ግራው... በጉልበቴ ይዤ ሞከርኩ፣ በመሳቢያ ቆንጥጬ ሞከርኩ። ላቤ ጠብ አለ። ከፊት ለፊት በር የስፌት ማሽን ይሰማል። ልብስ ሰፊዋ ናት፣ ሁሌ ሳይነጋ ትጀምራለች። ከአራት ዓመት በፊት በሯ ላይ ወረቀት ለጥፌባታለሁ። “ማሽንዎ እንቅልፍ ነሳን” የሚል። በማግስቱ ድምፁ ቀነሰ፣ ሰላምታውም አብሮ ቀረ።

በሯ ድረስ ሄድኩ። ተመለስኩ። ዚፑ እንደተከፈተ ወጣሁ፣ ያውም አርፍጄ።

ኅዳር 26
የጥርስ ሠሪው ሳምንት ዛሬ አለቀ። አንኳኳሁ። ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ከፈተች። ሄልሜቴንና የተዘረጋ እጄን አየች።
“ዛሬም ማሽኑ ነው?”
“አይ... ዚፑ ነው።”
ጎተተችልኝ። ሦስት ሰከንድ አይሞላም። በሩን ዘጋች።
ሰባቱን ክሊኒክ ዞርኩ። እጆቼ ትኩስ ነበሩ፣ አንድም አልጣልኩ። ተቀባዮቹ ሳጥኑን ከሞተሩ ላይ ራሳቸው እንዲያነሱ ስለለመንኳቸው ጓንቱን ማውለቅ አላስፈለገኝም። ጥርስ ሠሪው ጣቶቼን አይቶ “እንግዲያው ቀጥል” አለ።

ታኅሣሥ 9
በየቀኑ አንኳኳለሁ። በስምንተኛው ቀን “እትዬ” አልኳቸው፤ ከዚያ ወዲህ አንቺ ማለት አልሆነልኝም። እሳቸው “ጥርሱ” ይሉኛል። “ጥርሱ፣ ዛሬ ስንት መንጋጋ ነው?” ሦስቷ ሰከንድ አሁን አሥር ደቂቃ ሆናለች። ዛሬ ድምፁ እንዲታፈን ማሽኑ ሥር ያነጠፉትን አሳዩኝ፣ የራሳቸውን ደህና የሱፍ ካፖርት። በወረቀቴ ማግሥት ነው ያነጠፉት። “አራት ዓመት በብርድ ያስመታኸኝ አንተ ነህ” አሉና ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ለካ የእሳቸውንም በር ሱሪ ሊያሳጥር ከሚመጣ ሰው በቀር የሚያንኳኳ የለም።

ሽማግሌው አዲሱን መንጋጋ ወስደዋል። ፓስቴ ገዝተው ሲበሉ አየኋቸው።

ታኅሣሥ 20
እትዬ ትናንት ማታ ጓንቱን እኔ ጋ ተወው ብለውኝ ነበር። ዛሬ ዚፑ ላይ ወፍራም ቀይ ክር እንደ ቀለበት ሰፍተውበት ሰጡኝ። የበር እጀታ ላይ አንጠልጥሎ ክንድን ወደ ኋላ መሳብ ነው። ሞከርኩት፣ አንዴ ብቻ። ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። “ከእንግዲህ እኔን ደጅ መጥናት ቀረልህ” አሉ፣ ደስ ብሏቸው። እጅዎ ይባረክ አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ታኅሣሥ 21
ራሴ ዘጋሁት። የማሽኑን ድምፅ እየሰማሁ ደረጃውን ወረድኩ።

ታኅሣሥ 24
አሁንም ራሴ። ሥራው ደህና ነው፣ እጄ ደህና ነው፣ የመኪናውን ነገር የሚያነሳ የለም። ወንድሜ ደውሎ ደህና ነህ አለኝ። ደህና ነኝ አልኩ። ደህና አይደለሁም። ጠዋቶቼ ተመልሰው ጭር አሉ። ምን ብዬ ላንኳኳ? ሱሪዎቼ ሁሉ ልኬ ናቸው።

ታኅሣሥ 26
ክሩን በወጥ ቤት መቀስ ቆረጥኩት። ሄልሜቴን አስሬ አንኳኳሁ።
“እትዬ፣ ክሩ ተበጠሰ።”
መነጽራቸውን አደረጉ። ክሩን ወደ መብራቱ ጠጋ አድርገው ጫፉን በጣታቸው ዳሰሱ። አርባ ዓመት ክር ሲቆርጡ ለኖሩ ሴት ነው የዋሸሁት! እንዴት አላሰብኩም?
“ይኼ አልተበጠሰም” አሉ። “ተቆርጦ ነው። ያውም በደነዘ መቀስ።”
ፊቴ ነደደ። ሄልሜቱ ባይኖር የት እገባ ነበር? ዚፑን እስከ ላይ ጎተቱልኝ። እጄን ግን ወዲያው አልለቀቁም።
“ነገ ክሬን አትቁረጥብኝ” አሉ። “ዝም ብለህ አንኳኳ።”