አሮን ዲምቱ ሊመሰክር ነው

ልጄ ብሩክታይት፣ የጌታ ሰላም በሰው አገር አይለይሽ፤ ጉልበትሽን ያጽናልሽ። እኛ ደህና ነን። ዳሞታ ተራራ ላይ ዝናቡ አላቋረጠም፤ የጓሮው ቦዬም ተቆፍሮ ለመቀቀል ደርሷል።

ወንድምሽ አሮን ሱስ የሆነበትን ክኒን አልተወም። ጓደኛው በዚሁ ክኒን ሞቶ ቀበርነው፤ አሮን ግን ከቀብር መልስ ጓሮ ገብቶ ዋጠ። «ሞቱን አላየህም ወይ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አይቻለሁ እማዬ፤ ካልዋጥኩ ግን ሰው ፊት መቆም ያስፈራኛል» አለኝ።

ባለፈው እሑድ ከጉባኤው ፊት ወጥቶ ክኒን መተዉን መሰከረ። እንዴት አድርጎ ተናገረ መሰለሽ! ሰው እልል አለ፤ ሽማግሌዎቹ አቅፈውት አለቀሱ። እኔንም ከፊት ወንበር አስቀመጡኝ። ለዚያ ድፍረት ጠዋት ውጦ እንደመጣ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አንቺ አንድ ቀን እንኳ ሳታሳፍሪኝ አድገሽ ማን እልል አለልሽ? እኔስ በአንቺ የተነሳ መቼ ከፊት ተቀመጥኩ?

ከጊፋታ በዓል በኋላ ባለው እሑድ ለወጣቶች እንዲመሰክር ዲምቱ ከተማ ጠርተውታል። እኔንም በመኪና ይወስዱኛል።

ጌታ ዘመንሽን ይባርክ፣ የእጅሽን ሥራ ያከናውንልሽ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ እስከዚያ ድረስ ደውለሽ «ተው» እንዳትዪው። ካልዋጠ አፉ ይያዛል።