የ1971ዱ ዋንጫ እውነተኛ ባለቤት፣ የአቶ ኤምሪስ ፕሮበርት ኅልፈት

ከኩም ሄሊግ የነሐስ ሙዚቃ ባንድ ማኅበር፣ ለአባላት፣ ለወዳጆችና ለሸለቆው ሕዝብ በሙሉ

የቀድሞ ባልደረባችን ከበሮ መቺው አቶ ኤምሪስ ፕሮበርት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 2024 በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ማኅበራችን ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶታል። የካርዲፍ ጋዜጦች «የግራጫ ቀበሮዎች የሮክ ቡድን ከበሮ መቺ አረፉ» ብለው መጻፋቸውን ሰምተናል። ይህ እንዳለ ሆኖ ሰውየው ቀበሮ ከመሆናቸው በፊት የኛ እንደነበሩ ማኅበሩ ለማሳወቅ ይወዳል።

አቶ ኤምሪስ በጥር 1951 ከዳቦ ጋጋሪው ከአቶ ኢድሪስ ፕሮበርትና ከወይዘሮ ኔስታ ተወለዱ። በሸለቆው አምስት ኤምሪሶች ስለነበሩ እስከ ዕለተ ሞታቸው «ኤምሪስ ዳቦ» እየተባሉ ኖረዋል። በ1963 ማኅበሩን ተቀላቅለው ከጸሐፊያችን ከአቶ ዮርወርዝ ቤቫን ከበሮ ተማሩ። ጸሐፊው ሁለት ዓመት የፈጀባቸውን ምት ተማሪው በሁለት ሳምንት ተወጡት። ይህ በወቅቱ በቃለ ጉባኤ አልተመዘገበም።

ከ1965 ጀምሮ በጰራቅሊጦስ ሰሞን የሰንበት ትምህርት ቤቶች ሰልፍ ሲወጣ ትልቁን ከበሮ ተሸክመው የቤተ ጸሎቱን ዳገት ወጥተዋል። ሕዝቡ በየደጃፉ ቆሞ ለኤምሪስ ሲያጨበጭብ፣ ከፊት ትንሿን ከበሮ የሚመቱት ጸሐፊ ጭብጨባው ለሳቸው እየመሰላቸው ባርኔጣቸውን ያነሡ ነበር። እንዳልሆነ የገባቸው በሦስተኛው ዓመት ነው።

በግንቦት 1971 ማኅበራችን በስዋንሲ በተደረገው ውድድር ተካፈለ። እስከዚያ ዓመት በውድድር መድረክ ከበሮ አይፈቀድም ነበር። ሌላው ሲወዳደር ከበሮ መቺዎች ከመድረክ ጀርባ የሰው ኮት ይዘው ይቆሙ ነበር። ደንቡ ሲሻሻል እያንዳንዱ መቺ የተወዳዳሪነት ካርድ እንዲያወጣ ታዘዘ፤ ፎርሞቹን የሚልኩትም ያኔም ዛሬም ጸሐፊያችን ናቸው። አቶ ኤምሪስ በየልምምዱ ጸሐፊውን «ዮሪ፣ ካርዴ መጣ እንዴ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። «ፖስታ ቤቱ ነው የሚያጓትተው፤ ምን ያስቸኩልሃል?» ይባሉ ነበር። ፖስታ ቤቱ አንዳች ጥፋት የለበትም። ፎርሙ ከጸሐፊው መሳቢያ አልወጣም። መርሳት አልነበረም፣ ቅናት ነበር።

በውድድሩ ዋዜማ ጸሐፊው በሚሠሩበት የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ የፋኖስ ማደያ ክፍል ደረጃ ስተው ወድቀው የቀኝ እጃቸው አንጓ ወለም አላቸው። የቀረው መቺ ካርድ የሌላቸው አቶ ኤምሪስ ብቻ ነበሩ። በውድድሩ ልማድ ዳኛው የትኛው ባንድ እንደሚጫወት እንዳያዩ በመጋረጃ በተሸፈነ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣሉ። የባንዱ መሪ አቶ ሄይድን ሮሰር ይህንኑ አስበው «ዳኛው ጆሮ እንጂ ዓይን የለውም። በዮሪ ካርድ ግባና ምታ ልጄ» አሏቸው። ገቡ፤ መቱ።

ዳኛው በወረቀታቸው ላይ «በሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለ ከበሮ መቺ አልሰማሁም» ብለው ጻፉ። ማኅበሩ በታሪኩ አንዴ ብቻ ያገኘውን የአንደኝነት ማዕረግ በዚያ ቀን አገኘ። የምርጥ ተጫዋች ዋንጫም በካርዱ ላይ ላለው ስም፣ ለዮርወርዝ ቤቫን ተሰጠ። ጸሐፊው የታሰረ እጃቸውን በኮታቸው እጅጌ ሸሽገው፣ በግራቸው ተቀበሉ። አቶ ኤምሪስ ከሁሉም ቀድመው አጨበጨቡ። በአውቶቡስ ስንመለስ «ዮሪ፣ በታሰረ እጅህ እንዲህ ከሆንክ፣ በደህናው ጊዜማ አዳራሹን ታፈርሰው ነበር» ሲሉ ሁሉም ሳቀ። ጸሐፊው አልሳቁም።

ከአራት ወር በኋላ፣ በመስከረም 1971 አቶ ኤምሪስ «በገዛ ፈቃዳቸው» ለቀው ወደ ግራጫ ቀበሮዎች ሄዱ። ጥቅሱ የቃለ ጉባኤው ነው።

በ1974 አሜሪካን፣ በ1977 ጃፓንን ዞሩ። በ1979 በቴሌቪዥን በቀረቡ ጊዜ ጸሐፊው «ግራ እጁ ይዘገያል» ሲሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሻን «አንድ ቀን እንኳ ደህና መታ በል፤ ምላስህ አይቆረጥም» ብለዋቸዋል። ግራ እጃቸው አልዘገየም።

በ1984 የማዕድን ሠራተኛው ሥራ ባቆመበት ዓመት ጉብኝታቸውን አቋርጠው መጡ፤ በሰልፉም ከኛ ጋር ለመሰለፍ ጠየቁ። ቦታቸው ከጸሐፊው ኋላ ሆነ። እሺ ብለው ከኋላ መቱ። ቢቆጡ ኖሮ ይሻለን ነበር።

የማኅበሩ ኮሚቴ ባለፈው ማክሰኞ ይህን መግለጫ ለማርቀቅ ሲሰበሰብ ጸሐፊው የካርዱን ጉዳይ ተናገሩ። እውነቱ ከወጣ በሌላ ሰው ካርድ ስለተጫወትን ያለን አንድ ማዕረግ ይሰረዛል። ገንዘብ ያዣችን ወይዘሮ ግዌንሊያን «ሟቹ ሃምሳ ዓመት የዋጠውን እናንተ በቀብሩ ሰሞን ልትዘረግፉት? አርፋችሁ ቅበሩት» አሉ። ወጣቷ የኮርኔት ተጫዋች ማሪ «ዋንጫው በተገኘበት ቀን በተነሣው የባንዱ ፎቶ ላይ አያቴ አለ፤ ግን በሰው ስም አሸነፍን እያልኩ ልጫወት አልችልም» አለች። ስድስት ለአምስት በሆነ ድምፅ ማዕረጉ እንዲሰረዝ ለውድድሩ ኃላፊዎች ተጽፏል። ዋንጫው ለቤተሰቡ ተልኳል።

የቀብር ሥርዓቱ ቅዳሜ በቤተ ጸሎቱ ይፈጸማል። ግራጫ ቀበሮዎችም ይገኛሉ። የአበባ ጉንጉናቸው ካሁኑ ደርሷል፤ የኛን ሁለት እጥፍ ይሆናል። በባለቤታቸው በወይዘሮ ካሪስ ጥያቄ ከሬሳው ፊት ከበሮ የሚመቱት ግን የኛ ማኅበር ጸሐፊ ናቸው።

ይህን የምጽፈው ጸሐፊው እኔ ነኝ። ዋንጫውን ይዤ ወደ ካሪስ ቤት ስሄድ ኤምሪስ ስለኔ ምን ይል እንደነበር ጠየቅኋት። የፈራሁትን እሰማለሁ ብዬ ነበር።

«በየጋዜጣው ከማን ተማርክ ሲሉት አንተን ነበር የሚጠራው» አለችኝ። «ዮርወርዝ ቤቫን፣ ኩም ሄሊግ እያለ። አንድም ቀን አላነበብክም እንዴ?»

አላነበብኩም። ስሙ ያለበትን ጋዜጣ ሁሉ ሳልገልጠው እሳት አቀጣጥልበት ነበር።

ማኅበሩ ለወይዘሮ ካሪስ፣ ለልጆቻቸው፣ ለወዳጆቻቸውና፣ ይሁን እንግዲህ፣ ለግራጫ ቀበሮዎችም መጽናናትን ይመኛል። ቅዳሜ እኔ ከፊት እሄዳለሁ፣ እሱ ከኋላዬ ይመጣል። ሰው ሁሉ የሚያየው ግን አሁንም እሱን ነው። አሁንም እቀናለሁ።

ዮርወርዝ ቤቫን
የማኅበሩ ጸሐፊ