ሁለት ጣት ለማጠፊያ

አንኮበር፣ መስከረም 22 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ፣

ጤናህ እንዴት ነው? የአሰብ ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? እኔ ከጉልበቴ ሕመም በቀር ደህና ነኝ። እናትህም ክረምቱን ያለ ጉንፋን አሳልፋለች። አድራሻህን ስጠይቃት ወረቀት እንኳ ሳትፈልግ የፖስታ ሣጥን ቁጥሩን በቃሏ ነገረችኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

የምጽፍልህ ስለ አንድ ሥራ ነው። በሰኔ መግቢያ የደብራችን ጣሪያ ጫፍ ላይ ያለው ሾጣጣ ክዳን ዝጎ ዝናቡ ወደ መቅደሱ ይገባ ጀመር። አለቃ ገብረ ጻድቅ ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ አንድ ላሜራ አገኙና የአሊዩ አምባውን ዓወልን ጠሩ፤ ያን ገበያው ዳር የሚሠራውን፣ አንተ ከትምህርት ቤት መልስ ከሱቁ የማትለየውን ቆርቆሮ ሠሪ። ላሜራው ምትክ ስለሌለው ስሌቱን እኔ እንድሠራ አለቃ ለመኑኝ።

ሾጣጣው ሲዘረጋ የክብ ሁለት ሦስተኛ ይሆናል። በወረቀት ነድፌ፣ ቆርጬ ጠቀለልሁት፤ ጠርዝና ጠርዙን በሙጫ ሳጋጥመው ልክክ አለ። ዓወል አገላብጦ አየና፣ «መምህር፣ ለማጠፊያ ሁለት ጣት ይተዉልኝ እንጂ» አለኝ። የተሰላ ነገር በጣት አይጨመርበትም፣ እንዳለ ቁረጠው አልሁት። «እንዳሉ» ብሎ ቆረጠው።

ጠርዞቹ ተነካክተው ቆሙ፤ የሚያያዙበት ግን የለም። ደርቦ ሲያጥፋቸው ክዳኑ ጠበበና የእንጨቱ ቀለበት ላይ አልወርድ አለ። አለቃ ፊታቸውን አዞሩ። ዓወል ግን ሳቀ። «ወረቀት ሙጫ ይበቃዋል፤ ላሜራ መያያዣ ይፈልጋል። ልጅዎ እኮ ይህን በአሥራ አራት ዓመቱ ያውቀው ነበር!» አለኝ። ከትራፊው ቁራጭ አውጥቶ፣ ደርቦ በየደው። እስከ ክረምቱ መውጫ አንድ ጠብታ አላሳለፈም።

እኔ በዚያው ቀን የፈተና ወረቀት የማስቀምጥበትን ሣጥን ከፈትሁ። ስምንተኛ ክፍል፣ 1971፣ ሰባተኛው ጥያቄ። ሾጣጣውን በትክክል ዘርግተህ፣ ካንዱ ጠርዝ ቀጭን ትርፍ ጨምረሃል። ትርፉን በቀይ ሰርዤዋለሁ። ያን ጊዜ «አባባ፣ ማጠፊያው እኮ ነው» ስትለኝ፣ የተጠየቅኸውን ብቻ ሥራ አልሁህ፤ ያውም በክፍሉ ልጆች ፊት። አርባ ዘጠኝ አገኘህ፤ ማለፊያው ሃምሳ ነበር። ለገዛ ልጄ አንዲት ነጥብ አልጨመርሁም ብዬ ለመምህራኑ ሳወራ፣ አንተ በሳምንቱ ሄድህ።

ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አድርጌልሃለሁ። ሰባተኛውን ጥያቄ እንደገና አርሜዋለሁ፤ ድምሩንም አስተካክዬ፣ ቀን ጽፌ ፈርሜበታለሁ።

እናትህ ዘንድሮም ለእንቁጣጣሽ መኝታህን አንጥፋ ነበር። ዓወል ደግሞ «ለገና ፈቃድ ካገኘ መጥቶ ብየዳዬን ይይልኝ» ብሎሃል። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፤ መውጣት ከፈለግህ መሰላሉን እኔ እይዝልሃለሁ።

የእናትህ ጸሎት ከባሕሩም ከሐሩሩም ይጠብቅህ። በደህና ያገናኘን።

አባትህ