መልማዩ ከእኛ ጋር ምሳ የበላ ዕለት

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ ወንድሜ ለጋሼ ይማም፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። ጋሼ፣ እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎስ ተሻለው ወይስ መስጊድ የሚሄዱት አሁንም በባጃጅ ነው? የእትዬ ሐዋ ስኳርስ እንዴት ሆነ? ክረምቱ ገባላችሁ? የአገሩ ሰላምስ? ከወዲያ የሚሰማው ወሬ እንቅልፍ ይነሳል፤ እኔም ከእናንተ አፍ ካልሰማሁ አላምንም። እኛ አለን። ባለቤቴ አብዱልሀሚድ የኤርፖርት ባሱን ይነዳል፣ እኔም በኮሮናው ተዘግቶ የነበረው ሆቴል ስለተከፈተ ወደ ክፍል ጽዳቴ ተመልሻለሁ።

ይህን በስልክ ያልነገርኩዎት እርስዎ ስፒከር ላይ ሲያደርጉት ሰፈሩ ሁሉ ስለሚሰማ ነው። ለዐረፋ በሚመጣ ሰው እጅ ልኬዋለሁና ብቻዎን ያንብቡት።

ነገሩ የሙስዐብ ነው። እንደሚያውቁት ልጁ በኮሌጁ ቤዝቦል ይጫወታል፤ ኳሷን የሚወረውረው እሱ ነው። መስከረም ላይ የቀኝ ክርኑ ጅማት ተበጥሶ በጥቅምት ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ከነገ ወዲያ እሑድ ደግሞ ትልልቆቹ ክለቦች ከየኮሌጁ የሚፈልጉትን ልጅ መርጠው ስም መጥራት ይጀምራሉ። ሙስዐብ ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ የጠበቀው ይህን ቀን ነው።

ሰኞ ዕለት ከአንዱ ክለብ የተላከ ተጫዋች መልማይ ኢንተርፕራይዝ የሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን ድረስ መጣ። ስልሳ የዘለለ፣ ባርኔጣ ያደረገ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ፈረንጅ ነው። እኔ ገና ከበሩ አላመንኩትም። ደህናው ሞልቶ ሳለ ክንዱ የታመመ ልጅ ለምን ይፈለጋል? እርስዎ ባቲ ገበያ ስንት ዘመን በሬ ሲገዙ የኖሩ፣ የሚያነክሰውን ከቦ ከቦ የሚያይ ሰው ቢያጋጥምዎ ምን ይላሉ? ዋጋ ሊሰብር ነው ብዬ ደመደምኩ። ዓይንም ፈርቼ ልጁን በዚያ ሙቀት እጅጌ ሙሉ ሸሚዝ አለበስኩት። መድኃኒቶቹንም ከመታጠቢያ ቤት አንስቼ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ቆልፌባቸው ነበር። ሰውየው እውነትም ሁለት ጊዜ መታጠቢያ ቤት ገባ።

ጥያቄው ደግሞ ስለ ኳስ አይደለም። የአባታችንን ቁመት ጠየቀኝ። ልጁ ስንት ሰዓት ይነሳል፣ ሲሸነፍ ያኮርፋል ወይ አለኝ። የመለስኩትን ሁሉ በትንሽ ደብተር ይጽፋል። ምሳ ሲደርስ ለኮሮናው ብዬ ለየብቻ ሳህን ላቀርብ ስል፣ ክትባት ወስጃለሁ፣ እናንተ እንደምትበሉት ልብላ አለ። አንድ ትሪ ከበብን። ለሆዱ ነው ስል ሰውየው አይበላም፤ ቁራሹን እንደያዘ የሙስዐብን እጅ ያያል። ዓይኑን ተከትዬ እኔም አየሁ። ልጄ የሚቆርሰው በሦስት ጣት ብቻ ነው። ትንሿና የቀለበት ጣቱ አይታዘዙትም፣ ጉርሻው አፉ ሳይደርስ ይበተናል። ቀና ስል ከመልማዩ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠምን።

በር ላይ ስሸኘው ክንዱ እንዴት ነው አለኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው፣ ምንም አይለውም አልኩት። እኛ ሲጠይቁን ሌላ ምን እንላለን? የልጁን ሕመም በር ላይ ለማያውቀው ሰው የሚዘረግፍ ማን አለ? ይህን መልሴን ግን ደብተሩ ላይ አልጻፈውም። ካርዱን ሰጥቶኝ ሄደ።

ሙስዐብን ለብቻው ይዤ ጠየቅኩት። መጀመሪያ ካደ። በኋላ ከጥር ጀምሮ ሁለቱ ጣቶቹ እንደሚደነዝዙ አመነ። ለሐኪሙም ለአሰልጣኙም አልተናገረም፤ ክለቦቹ በሚያዩት የጤና ቅጽ ላይም ድንዛዜ የለብኝም ብሎ ፈርሟል። እማ ፕሊስ፣ እስከ እሑድ ዝም በይ፣ ከዚያ ቼክ አስደርገዋለሁ አለኝ።

ዝም አልኩ። ጋሼ፣ ከእርስዎ አልደብቅም፣ ዝምታዬ ሰኞ የጀመረ አይደለም። በረመዳን ለፍጡር ያነሳው ቴምር ከጣቱ ሲወድቅ አይቻለሁ፣ ያውም ደጋግሞ። ጾሙ ነው ብዬ አለፍኩት። መልማዩን ስጠረጥር፣ የሰው ዓይን ስፈራ፣ በገዛ ዓይኔ ያየሁትን ማመን አልፈለግኩም። ስሙ እንዲጠራ ከእሱ እኩል ጓጉቼ ነበር። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ረቡዕ በእረፍት ሰዓቴ ሆቴሉ የአንሶላ ክፍል ገብቼ ለመልማዩ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኩት። ገበታው ላይ አይቻለሁ፣ ግን እርግጠኛ አልነበርኩም አለኝ። አሁን የግድ ለክለቡ እንደሚጽፈውም ነገረኝ። ነርቭ ጊዜ አይሰጥም፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ አሳዩት ብሎ ስልኩን ዘጋ። ያዘነ መሰለኝ፤ ማዘኑንም ተጠራጠርኩት። ትናንት ሄንደርሰን ከተማ ያለ ሐኪም አየው። ነርቩ ተጨፍልቋል፣ ቶሎ ዳግም ቀዶ ጥገና ካልተደረገለት እጁ ይሰልላል አለን።

እሑድ ስሙ አይጠራም። ያስቀረሁበት እኔ እናቱ ነኝ፤ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው የጻፍኩልዎ። ካጠፋሁ ይቆጡኝ። ካላጠፋሁ ደግሞ ለሙስዐብ ደውለው እርስዎ ይንገሩልኝ፣ የእርስዎን ቃል ይሰማል። ዱዓችሁ አይለየው።

እትዬ ሐዋን አንገቷን አቅፈው ይሳሙልኝ። ልጆቹን ከትልቅ እስከ ትንሽ ሰላም ይበሉልኝ። አብዱልሀሚድ እጅ ነስቷል። ልጄ ጁማናም፣ አጎቴን በጣም ናፍቄዋለሁ ብላለች። ሙስዐብ ሰላም በይልኝ አላለኝም፤ ከረቡዕ ጀምሮ አያናግረኝም። በእሱ ስም ሰላም ያልኩዎት እኔው ነኝ።

እህትዎ ዘይነባ
ላስ ቬጋስ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2013 ዓ.ም.