ቶሎ ያበበው አተር

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ ወንድይራድ፤ የባሕር ማዶውን ብርድ የሚያስችል ጤና ይስጥልኝ። እኛ በመቱ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።

ሶያ ብለው የላኩልንን አተር በሰኔ ጓሮ ዘራነው። «በሦስት ወሩ ያብባል፤ ሲያብብ እኔም እመጣለሁ» ብለው ስለጻፉ እናታችን በየማለዳው እየወጡ ያዩታል። ታዲያ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ገና ስንዝር ሳይሞላ በአርባ ቀኑ አበበ! የደብራችን መሪጌታ ጥላቸውን በእግራቸው ለክተው፣ «እሱ ባለበት አገር በእኛ ክረምት ፀሐይ እስከ ማታ ሦስት ሰዓት አትጠልቅም ብሎ ጽፏል። የኛ ቀን ለዚህ ዘር አጭር ነው። ዘመኑ ያለቀበት መስሎት ቸኮለ» አሉ። በጣም ሳቅን።

እናታችን ግን አልሳቁም። «ልጄ ሳይመጣ ማን አብብ አለው?» ብለው አበባውን በየማለዳው እየለቀሙ ይጥሉት ጀመር። ጎረቤት ሲጠይቃቸው «ገና አላበበም» ይላሉ። አተሩም እልኸኛ ነው፤ በማግስቱ ደግሞ ያብባል።

ቡናው ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። ላሚቱም ወልዳለች። የእናታችንን አልጋ ወደ ጓሮው በር አስጠግቼዋለሁ፤ ጋደም እንዳሉ አተሩን ያዩታል። አበባውን የሚለቅም ከጠፋ ሁለት ሳምንት አለፈው፤ ዛሬ እሸት ይዞ አገኘሁት። ስነግራቸው «ለእሱ ይቀመጥ» አሉኝ። እሺ አልኩ። እሸት ግን፣ ጋሼ፣ እርስዎም እንደሚያውቁት፣ ብዙ አይቆይም።

መንገዱን ያቅናልዎ።

እህትዎ ጥሩአየሁ
መስከረም ፲፱፻፲፯ ዓ.ም.